በአዲስ ዝርያ መግለጫ ውስጥ «ሆሎታይፕ» ምን ማለት ነው?

የቅርፊት ቅማል የሚባሉት፣ በዛፍ ቅርፊት ላይ ሻጋታና አልጌ እየተመገቡ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት (ስማቸው ቢያሳስትም ደም መጣጭ አይደሉም)፣ አዲስ ዝርያ ሲገኝባቸው በመግለጫው ላይ «ሆሎታይፕ» የሚል ቃል ይነበባል። ብዙ አንባቢ ይህን የዝርያው ምርጥ ወይም አማካይ ተወካይ አድርጎ ይረዳዋል። ሆሎታይፕ ግን በስያሜ ደንብ መሠረት የዝርያው ስም የታሰረበት አንድ ናሙና ብቻ ነው፤ ክንፉ የተቀደደ ቢሆን እንኳ ማዕረጉን አያጣም።

የደንቡ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ስህተት ሲገኝ ነው። የእነዚህ ነፍሳት ዝርያ በአብዛኛው የሚለየው በክንፍ ላይ ባሉት የደም ሥር መሰል መስመሮች አወቃቀርና በተለይም በማይክሮስኮፕ ብቻ በሚታየው የመራቢያ አካል ቅርጽ ስለሆነ፣ ተመራማሪው እንደ አንድ ዝርያ የገለጻቸው ናሙናዎች ኋላ ላይ ሁለት ዝርያዎች ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ያን ጊዜ ስሙ የሚሄደው ብዙ ናሙና ወዳለበት ወገን ሳይሆን ሆሎታይፑ ወዳለበት ነው፤ ፓራታይፕ የተባሉት ሌሎቹ ናሙናዎች በዚህ ላይ ድምፅ የላቸውም። ሌላው ወገን ቀድሞ የወጣ ስም ከሌለው አዲስ ስም ይወጣለታል። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. በኋላ ለሚወጣ አዲስ የዝርያ ስም፣ ስም ተሸካሚው ናሙና በግልጽ እንዲጠቀስና የሚቀመጥበት ስብስብ እንዲገለጽ ያስገድዳል።