«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»

ይህችን አባባል ብዙ ጊዜ የምንሰማት ለቀልድ ነው። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዛሬም ዕጣ የሚጠብቅ ሰው «ቤት የለህም እንዴ?» ሲሉት ይላታል። ባሕር ማዶ ሀብታም ወንድም ያለው፣ ግን ለበዓል እንኳ የማይደወልለትም ይላታል። አለኝ የምትለው ነገር ስሙ ብቻ ሲቀር፣ ያኔ ላሟ ሰማይ ላይ ናት።

ግን ሰማይን ምን አመጣው? ሩቅ አገር ያለች ላምም እኮ አትታለብም። ቤት ለመምታት ነው የሚል አይጠፋም፤ «ሰማይ» እና «አላይ» ጆሮ ላይ ይገጥማሉ። እኔ ግን ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው ያደግኩት። በሰሜን ሸዋ ብርድ ውስጥ ላም ማለት የልጅ ጉሮሮ ናት፣ የቅቤ ገንዘብ ናት። ሰማይ ደግሞ የነፍስ ማረፊያ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያሰረ ሰው ግጥም ብቻ ፈልጎ አይመስለኝም።

አያቴ ባሏ የሞተ ጊዜ፣ በሰልስቱ፣ የንስሐ አባቷ ድንኳን ውስጥ አጠገቧ ተቀምጠው ያጽናኗት ነበር። «አይዞሽ፣ ነፍሱ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ እቅፍ ናት» አሏት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «እሱስ ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ አባቴ» አለች። በዙሪያዋ ያለው ሰው ጸጥ አለ። ልጅ ነበርኩ፤ ይቆጧታል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ጥቂት ቆይተው «ማን አይቶ የመጣ አለ ብለሽ፣ እናቴ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ካደግኩ በኋላ ነው ቃሉን ልብ ብዬ ያየሁት። «አለኝ» ነው የሚለው፣ «የለኝም» አይልም። ስለዚህ ክህደት አይደለም። «አላይ» ሲል ደግሞ እውነቱን ነው፣ አላየም። ጸሎተ ሃይማኖትስ ቢሆን «ንሴፎ ትንሣኤ ሙታን» አይደል የሚለው? የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን ማለት ነው፤ አየን አላለም። ቀን ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ይህ ተስፋ ወፍራም ነው። ሌሊት ሞትን ሲያስቡት ይሳሳል። ፍትሐቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ ለሟች ነፍስ ነው የሚደረገው። ግን በመሃል ያለውን ሌሊት ለሚያነጋው ሰውም ሳይረዳ አይቀርም (ይህ የኔ ግምት ነው፣ የቄስ ትምህርት አይደለም)።

ደግሞ አገራችን ውስጥ አባባሉ የሚገለበጥበት ቀን አለ። በጾም ላሟ በረት ውስጥ ናት። ወተቷም ይታያል፣ ይሸታል። አይጠጣም። ለሰማይ ተብሎ! በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ እንዲህ ነው፤ ወተት ሻጭ ገዢ የሚያጣውም ያኔ ነው።

ያ ሰልስት ረቡዕ ነበር የዋለው። ለቀስተኛው ሲበተን አንዲት ጎረቤት ላሟን ልታልብላት ተነሳች። አያቴ እምቢ ብላ ራሷ አለበች። ጣቷ ላይ የቀረውን አረፋ በመቀነቷ ጠረገችው። አልላሰችውም።