ስም ከመቃብር በላይ ይውላል

ይህን አባባል ለቅሶ ቤት ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ለቅሶ ላይ ብቻም አይደለም። አንዱ አደራ ሊበላ ሲያስብ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ «ተው ልጄ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይለዋል። ሥጋ አፈር ሲገባ ስም ከቀባሪው ጋር ወደ መንደር ይመለሳል ማለት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን «ይውላል» የምትለዋ ቃል ናት። «ይቀራል» አላሉም። መዋል የሕያው ሰው ነገር ነው፤ ሰው ገበያ ይውላል፣ እርሻ ይውላል። ስም ደግሞ ሰው አፍ ላይ ይውላል፣ መልካሙም ክፉውም።

አባባሉ የእኛ ነው፣ ምስክሩን ግን ሩቅ አገር አገኘሁት። ሰሜን እስራኤል፣ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርባት ከአፉላ ብዙም ሳይርቅ፣ መጊዶ የሚባል ኮረብታ አለ፤ አርማጌዶን የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። እዚያው አጠገብ በ2ኛው ክፍለ ዘመን «ብረት ለበሱ» የሚባለው 6ኛው የሮማ ሌጌዎን ሰፍሮ ነበር፣ ወደ 5,000 ወታደር። ሌጌዎንን ከማርቆስ ወንጌል ታውቁታላችሁ፣ ያው ጭፍራ ነው። ጦሩ ወደ 300 ዓ.ም. አካባቢ ሄደ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ድንጋዩን ሰው እየነቀለ ለሌላ ግንብ ወሰደው፣ የተረፈውን አፈር ዋጠው፣ ላዩ ታረሰ።

የአካባቢው ሰው ግን ቦታውን «ለጁን» ማለቱን አልተወም። «ሌጊዮ» የሚለው የላቲን ቃል በአረብ አፍ ሲዞር ለጁን ሆነ። በዚሁ ስም የሚጠራ የአረቦች መንደር እስከ 1948 ጦርነት ድረስ ነበር። አስቡት፣ ላቲን የማይሰማ ገበሬ ስንት መቶ ዓመት ሙሉ የሮማን ጦር ስም ሲጠራ ኖረ! በ2013 እርሻው ሲቆፈር የሌጌዎኑ ማኅተም ያለበት የጣሪያ ሸክላ ወጣ። ስሙ ልክ ነበር።

እኛስ ብንሆን? «ሰፈር» ራሱ ጦር የሰፈረበት ማለት አይደል። ደጃች ውቤ ሰፈር ስንል ግን ድንኳንና ካስማ ትዝ የሚለው ማን ነው።

ከሁሉም ልቤን የነካው የ2005ቱ ግኝት ነው። እዚያው መጊዶ ያለው እስር ቤት ሊስፋፋ ሲቆፈር፣ የ3ኛው ክፍለ ዘመን ክርስቲያኖች ይጸልዩበት የነበረ አዳራሽ ወለል ወጣ። ሞዛይክ ነው፣ መሐሉ ላይ ሁለት ዓሣ አለበት። በግሪክኛ እንደተጻፈው ወለሉን በገዛ ገንዘቡ ያሠራው ጋያኖስ የሚባል የመቶ አለቃ ነው። የሮማ መኮንን፣ ያውም ክርስትና ገና ባልተፈቀደበት ዘመን! የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ግርጌ ላይ አሠሪው ከነስሙ ተሥሎ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም። አኬፕቱስ የምትባል ሴት ደግሞ ጠረጴዛውን ለአምላክ ለኢየሱስ ክርስቶስ ሰጠች፤ «ለመታሰቢያ» ይላል ጽሑፉ። ጠረጴዛው ዛሬ የለም። ሌላ ጥግ ላይ ደግሞ አራት ሴቶችን አስቡ የሚል አለ፦ ፕሪሚላን፣ ቂርያካን፣ ዶሮቴያን፣ ክሬስቴንም። ምን እንዳደረጉ አልተጻፈም፣ ስማቸው ብቻ።