የኮርስ ቻናል ምንድን ነው?

የኮርስ ቻናል መምህሩ ለአንድ ኮርስ ብሎ ቴሌግራም ላይ የሚከፍተው፣ ሃንድአውት፣ የአሳይመንት ማስረከቢያ ቀንና የፈተና ለውጥ የሚለቀቅበት ቦታ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የተለመደው ግን ግሩፕ ነው፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚያ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ «የነገው ሚድ 3 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ 2 ሰዓት ነው» ተብሎ ይጻፋል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «እሺ»፣ «ቲቸር እናመሰግናለን» እና ስቲከር ይደራረብበትና መልእክቱ ይዋጣል። ጠዋት ሦስት አራት ልጅ ፈተናው ከተጋመሰ በኋላ ይደርሳል። ቻናል ላይ የሚጽፈው አድሚን ብቻ ስለሆነ ይህ አይገጥምም።

ጥያቄስ የት ይጠየቅ? ለብቻው ግሩፕ ይከፈትና በቻናሉ ሴቲንግ «ዲስከሽን» በሚለው በኩል ከቻናሉ ጋር ይያያዛል። ያኔ በየፖስቱ ሥር ኮሜንት መስጫ ይመጣል፤ የምዕራፍ 3 ጥያቄ ከምዕራፍ 3 ሃንድአውት ሥር ይገኛል። ወሬ ከበዛ ስሎው ሞድን (አንድ ሰው ደጋግሞ እንዳይጽፍ በመልእክቶቹ መሃል የሚያስጠብቀውን) 5 ደቂቃ ላይ ማድረግ ነው።

ዋናው ስህተት ቻናሉን በሴክሽን ተወካዩ ስልክ መክፈት ነው። ልጁ ሲመረቅ ወይም አካውንቱን ሲያጣ ፋይሉ ሁሉ ያለ ባለቤት ይቀራል። ባለቤትነት ይዛወራል፤ ግን ተቀባዩ አስቀድሞ አድሚን መሆን አለበት፣ አስረካቢውም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከኮዱ ሌላ የሚጠየቀውን የይለፍ ቃል) ካበራ 7 ቀን፣ በያዘው ስልክ አካውንቱን ከከፈተ 24 ሰዓት ሊያልፈው ይገባል። በምረቃ ዋዜማ ይድረስልኝ የሚባል ሥራ አይደለም።

ቴሌግራም አንድን ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል፤ የተማሪው የዳታ ጥቅል ግን አይችለውም። ስካን የተደረገ መጽሐፍ በምዕራፍ በምዕራፍ ተከፍሎ፣ ስሙም የኮርሱን ኮድና የምዕራፉን ቁጥር ይዞ ይላክ፤ «ስካን 17» የሚል ፋይል በፋይናል ሰሞን ፈልጎ የሚያገኘው የለም። የሰሌዳ ፎቶም እንደ ፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ ትንንሾቹ ቁጥሮች ይደበዝዛሉ፤ እንደ ፋይል ሲላክ እንዳለ ይደርሳል።

ውጤት ቻናል ላይ አይለጠፍም። «ስም የለውም፣ የመታወቂያ ቁጥር ብቻ ነው» ይባላል፤ የክፍል ልጅ ግን የጓደኛውን ቁጥር ከአቴንዳንስ ወረቀት ያውቀዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በ2015 ዓ.ም. ቴሌግራም ከየካቲት እስከ ሐምሌ ተዘግቶ ስለነበር፣ የፋይሎቹ ቅጂ በሙድል (በዩኒቨርሲቲው የኦንላይን ትምህርት ሲስተም) ወይም በዲፓርትመንቱ ኮምፒውተር ላይም ይቀመጥ።