የወተት እርሻ የነጥብ ካርድ ምን ይመዝን ነበር?

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለአሜሪካ ከተሞች ወተት የሚያቀርቡ የገጠር እርሻዎችን የሚጎበኙ ተቆጣጣሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በነጥብ መስጫ ካርድ ነበር። የፌዴራሉ ግብርና መሥሪያ ቤት ባሰራጨው ካርድ ከ100 ነጥብ 40ው ለበረቱ፣ ለወተት ማቆያ ክፍሉና ለዕቃዎቹ፣ 60ው ደግሞ ለአሠራሩ፣ ማለትም ለላሞቹ ንጽሕና፣ ለአስተላለቡ፣ ለዕቃ አጠባውና ወተቱን ቶሎ ለማቀዝቀዝ ይሰጥ ነበር።

ግራ የሚያጋባው፣ ከፍተኛ ነጥብ ማግኘት ወተቱ ራሱ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል ማለት አለመሆኑ ነው፤ ካርዱ የሚመዝነው ወተቱ የሚታለብበትን ሁኔታ እንጂ በውስጡ ያለውን የባክቴሪያ ብዛት አልነበረም። ስለዚህ ግድግዳው በኖራ የተቀባ፣ መስኮቱ የሰፋ በረት ያለው ባለሀብት ማለቢያውን በሚገባ ባያጥብም ጥሩ ነጥብ ሊሰበስብ ይችል ነበር፤ በአሮጌ በረት ውስጥ አፈ ጠባብ ማለቢያ የሚጠቀምና ዕቃውን በፈላ ውኃ የሚያጥብ ጠንቃቃ ገበሬ ግን የተሻለ ወተት እያቀረበ በሕንፃው ምክንያት ነጥብ ያጣል። ትችቱም በአብዛኛው ከዚህ የመነጨ ነው፤ ተገቢም ይመስላል።

የነጥብ ድምር ጨርሶ የማይሠራበት ሁኔታም ነበር። ውኃው ለአደገኛ ብክለት የተጋለጠ ከሆነ፣ ወይም በከብቶቹ ወይም በሠራተኞቹ ላይ አደገኛ በሽታ መኖሩ ከታወቀ፣ ሌላው ሁሉ ቢሟላ እንኳ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል፤ ታይፎይድን የመሰለ በሽታ በዕቃ ማጠቢያው ውኃ ወይም በአላቢው እጅ በኩል ወደ ወተቱ ሊገባ ይችላልና።