የታንከር መርከበኞች የደኅንነት ዕውቀትና የብቃት ምዘና

ታንከር ድፍድፍ ነዳጅ፣ የተጣራ ነዳጅ፣ ፈሳሽ ኬሚካል ወይም በግፊትና በቅዝቃዜ ወደ ፈሳሽነት የተለወጠ ጋዝ ጭኖ የሚጓዝ መርከብ ነው። በዚህ መርከብ ላይ ከጭነቱ ጋር የተያያዘ ኃላፊነት ያለበት ሰው ሁሉ፣ ከዴክ ሠራተኛው እስከ ካፒቴኑ፣ ከተለመደው የባሕር ሙያ ፈቃድ በተጨማሪ ለታንከር ብቻ የሚሰጥ የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ዓለም አቀፍ ሕግ ያስገድደዋል። በዚህ ዳሰሳ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምዘናው ጥያቄዎች በቁጥር የተሞሉ ናቸው፤ 8 በመቶ፣ 2 በመቶ፣ በሰከንድ 1 ሜትር፣ 30 ደቂቃ። ቁጥር መሸምደድ ለማንም አይከብድም። የሚከብደው እያንዳንዱ ቁጥር የትኛውን ፍንዳታ ወይም የትኛውን ሞት ለማገድ እንደተቀመጠ ማወቅ ነው። ጥሩ መዛኝ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አመጣጡ

እስከ 1960ዎቹ ድረስ የታንከር ሥራ በአብዛኛው የሚለመደው ከቀደመ ሠራተኛ አይቶ ነበር። በማርች 1967 ቶሪ ካንየን የተባለችው ታንከር ወደ 119,000 ቶን የሚጠጋ ድፍድፍ ነዳጅ እንደጫነች በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ከዓለት ጋር ተጋጨች። ነዳጁ በባሕር ዳርቻው ላይ ተንጣለለ፤ ጉዳዩም የመንግሥታት አጀንዳ ሆነ። በ1970 በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃሉ ኦሲምፍ የሚባለው የነዳጅ ኩባንያዎች ዓለም አቀፍ የባሕር መድረክ ተመሠረተ።

ለመርከበኛው ዕውቀት ግን እውነተኛው መታጠፊያ ዲሴምበር 1969 ነው። በዚያ አንድ ወር ውስጥ ማርፔሳ፣ ማክትራ እና ኮንግ ሆኮን ሰባተኛ የተባሉ ሦስት ግዙፍ ታንከሮች ባዶ ታንካቸውን በማጠብ ላይ ሳሉ ፈነዱ። ማርፔሳ ሰጠመች። በኋላ ከተደረጉት ጥናቶች ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ ይህ ነው፦ ከማጠቢያ መሣሪያው በኃይል የሚወረወረው ውኃ ከታንኩ ግድግዳ ጋር ሲላተም ደቃቅ ጉም ይፈጥራል፤ ጉሙ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይሸከማል፤ በጉሙ መካከል የሚወርድ ወፍራም የውኃ ዘለላ ቻርጁን ሰብስቦ ወደ ታንኩ ብረት ሲጠጋ ብልጭታ ይወጣል። ታንኩ ውስጥ ያለው ትነትና አየር በዚያች ቅጽበት ለመቀጣጠል በሚበቃ መጠን ተቀላቅሎ ከነበረ የቀረው የሰከንድ ክፍልፋይ ነው።

ከዚህ የተገኘው ትምህርት እስከ ዛሬ የሙያው መሠረት ነው። ብልጭታን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም፤ ስለዚህ ከታንኩ ውስጥ ኦክስጅንን መቀነስ ያስፈልጋል። ኢነርት ጋዝ የሚባለው ሥርዓት፣ ማለትም ከቦይለር ጭስ ወይም ከራሱ ማመንጫ የሚገኝ፣ ታጥቦ የቀዘቀዘና ኦክስጅኑ ያነሰ ጋዝ ታንክ ውስጥ መሙላት፣ በዚህ ምክንያት ተስፋፋ።

1978 በዚህ ሙያ ውስጥ የተለየ ቦታ አለው። በፌብሩዋሪ ለንደን ላይ በተካሄደው የታንከር ደኅንነት ጉባኤ ኢነርት ጋዝና የድፍድፍ ነዳጅ እጥበት (ታንክን በውኃ ፋንታ በራሱ በድፍድፍ ነዳጅ ማጠብ) ለትልልቅ ታንከሮች ግዴታ እንዲሆኑ ተወሰነ። በጁላይ ኤስቲሲደብሊው በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የመርከበኞች ሥልጠና፣ ማረጋገጫና ተረኝነት ስምምነት ጸደቀ። በዚያው ዓመት የዘርፉ ሰዎች ኢስጎት የሚሉት የነዳጅ ታንከሮችና ተርሚናሎች ዓለም አቀፍ የደኅንነት መመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ። ኢስጎት በ2020 ስድስተኛ እትሙ ላይ ደርሷል። ሕግ ባይሆንም ሥራውን በሚያውቁ እጆች የተጻፈ በመሆኑ በታንከር ላይ ከብዙ ሕጎች በላይ የሚከበር መጽሐፍ ነው፤ አብዛኞቹ የምዘና ጥያቄዎችም የሚቀዱት ከእሱ ነው።

በጃንዋሪ 1979 ቤቴልጌዝ የተባለችው ታንከር አየርላንድ ውስጥ በዊዲ ደሴት ተርሚናል ፈንድታ 50 ሰዎች ሞቱ። ኤስቲሲደብሊው በ1984 ሥራ ላይ ዋለ፣ በ1995 በሰፊው ተሻሻለ። በ2010 በማኒላ የተደረገውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2012 ጀምሮ የጸናው ማሻሻያ የዛሬውን የታንከር ማረጋገጫ ቅርጽ ሰጠው።

የማረጋገጫው ደረጃዎች

ማረጋገጫው መሠረታዊና ከፍተኛ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። መሠረታዊው ለነዳጅና ለኬሚካል ታንከር በአንድነት፣ ለፈሳሽ ጋዝ ታንከር ደግሞ ለብቻ ይሰጣል። ጭነትን በሚመለከት የተወሰነ ተግባር ለተሰጣቸው መኮንኖችና ሠራተኞች ነው። ከፍተኛው ማረጋገጫ ለነዳጅ፣ ለኬሚካልና ለጋዝ በየራሱ የሚሰጥ ሲሆን ካፒቴኑ፣ ዋና መሐንዲሱ፣ ዋና መኮንኑ፣ ሁለተኛ መሐንዲሱና ለጭነት ሥራ ቀጥተኛ ኃላፊነት ያለበት ሰው ሁሉ ሊይዘው ይገባል።

ከፍተኛውን ለማግኘት መሠረታዊውን መያዝ፣ የጸደቀ ከፍተኛ ኮርስ መውሰድና በዚያ ዓይነት ታንከር ላይ ቢያንስ ሦስት ወር ማገልገል ያስፈልጋል። የሦስት ወሩ አማራጭ ከመደበኛው ሠራተኛ ቁጥር ውጭ ተሳፍሮ ቢያንስ የአንድ ወር የተፈቀደ ሥልጠና መውሰድ ነው፤ በዚያ ጊዜ ሠልጣኙ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሲጫንና ሦስት ጊዜ ሲራገፍ መሳተፍ አለበት።

ምን ማወቅ ይጠበቃል

የነዳጅ ትነት የሚቀጣጠለው በአየር ውስጥ ያለው መጠን በግምት ከ1 እስከ 10 በመቶ ሲሆን ነው። ከዚያ በታች ትነቱ ይሳሳል፣ ከዚያ በላይ ኦክስጅን ያንሰዋል። ኦክስጅን ከ11 በመቶ ገደማ በታች ከወረደ ደግሞ የትነቱ መጠን ምንም ያህል ቢሆን አይነድም። ሕጉ ኢነርት የተደረገ ታንክ ከ8 በመቶ በላይ ኦክስጅን እንዳይኖረው የሚያዘው በ11 እና በ8 መካከል የደኅንነት ርቀት ለመተው ነው። ወደ ታንኩ የሚላከው ጋዝ ራሱ ከ5 በመቶ ማለፍ የለበትም። ተፈታኙ ሦስቱን ቁጥሮች ለያይቶ ካላወቀ ማንቂያው ሲጮህ የቱ አደጋ እንደቀረበ አያውቅም።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ታንክን ከጋዝ ማጽዳት ነው። በትነት የተሞላ ታንክ ውስጥ በቀጥታ አየር ቢነፋ ድብልቁ ከ«በጣም የበዛ» ወደ «በጣም የሳሳ» ሲወርድ በሚቀጣጠለው ክልል መካከል ያልፋል። ስለዚህ ትነቱ በመጠን ከ2 በመቶ በታች እስኪሆን መጀመሪያ በኢነርት ጋዝ ይገፋል፤ አየር የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በ2004 ቦው ማሪነር የተባለችው የኬሚካል ታንከር ቀድሞ የራገፉ ታንኮቿ ተከፍተው ለእጥበት ሲዘጋጁ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ጠረፍ አጠገብ ፈንድታ ሰጠመች። ከ27 ሰዎች የተረፉት 6 ብቻ ናቸው።

የመለኪያ መሣሪያ ዕውቀት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የተለመደው የሚቀጣጠል ጋዝ መለኪያ በውስጡ ባለች የጋለች ክር ላይ ትነቱን በማቃጠል ይለካል፤ ለማቃጠል ኦክስጅን ይፈልጋል። ኢነርት በሆነ ታንክ ውስጥ ቢገባ ዜሮ ወይም የተሳሳተ ንባብ ይሰጣል፤ ታንኩ ግን በትነት የታጨቀ ሊሆን ይችላል። እዚያ የሚያገለግለው ትነቱን በመጠን በመቶኛ የሚለካ ሌላ መሣሪያ ነው። «መለኪያው ዜሮ አሳየ፤ ምን ታደርጋለህ?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ የሚጀምረው «በየትኛው መለኪያ? ኦክስጅኑ ስንት ነበር?» ከሚል ጥያቄ ነው።

ሌላም የተሸሸገ ወጥመድ አለ። መለኪያው ከዝቅተኛው የመቀጣጠል ወሰን 1 በመቶ ካሳየ ለእሳት ደኅና ነው። ወሰኑ ራሱ ከአየሩ 1 በመቶ ያህል ስለሆነ ያ ንባብ በሚሊዮን 100 እጅ ያህል ትነት ማለት ነው። በብዙ ደንቦች የቤንዚን ትነት (የካንሰር መንስኤ የሆነው ኬሚካል፣ የመኪናው ነዳጅ አይደለም) የስምንት ሰዓት ወሰን በሚሊዮን 1 እጅ ነው። ከእሳት ነጻ የሆነው ታንክ ለሳንባ መርዝ ሊሆን ይችላል፤ ቤንዚን በራሱ መለኪያ የሚለካው ለዚህ ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድም እንዲሁ ነው፤ በሚሊዮን 100 እጅ አካባቢ ሲደርስ ማሽተትን ስለሚያደነዝዝ ሽታው ሲጠፋ ጋዙ ጠፍቷል ብሎ የሚያምን ሰው ይሞታል።

ወደ ታንክ ወይም ወደ ሌላ ዝግ ቦታ ለመግባት ኦክስጅን 21 በመቶ፣ የሚቀጣጠል ትነት ከዝቅተኛው ወሰን 1 በመቶ በታች፣ መርዛማ ጋዝም ከተፈቀደው ወሰን በታች መሆን አለበት። ልኬቱ የሚወሰደው ማናፈሻው ከቆመ 10 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ነው፤ ማናፈሻው እየነፋ የሚለካ ሰው የሚለካው የማናፈሻውን አየር ነው። ከልኬቱ በኋላ ማናፈሻው እንደገና ተነሥቶ ሰው ውስጥ እስካለ ድረስ ይሠራል። በመግቢያው የሚቆመው ጠባቂ ጓደኛው ሲወድቅ ቢያይ ሥራው ማንቂያ መስጠት ነው፤ በፍጹም አይገባም። በዝግ ቦታ አደጋ ደጋግመው የሚሞቱት ለማዳን የገቡት ናቸው፤ የሚገፋቸው ፍርሃት ማጣት ሳይሆን ፍቅር ስለሆነ ይህን ልምድ በሥልጠና ካልሰበሩት በቀር በትእዛዝ ብቻ አይቆምም። ተፈታኙ ለማምለጫ የተሠራው የመተንፈሻ መሣሪያ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ እንደሚያገለግልና ለመግቢያ እንደማይሆን፣ ማጣሪያ ጭምብል ደግሞ ኦክስጅን እንደማይፈጥር ማወቅ አለበት። ከ2015 ጀምሮ የዝግ ቦታ አገባብና አወጣጥ ልምምድ በየሁለት ወሩ ግዴታ ነው።

ስታቲክ ኤሌክትሪክ በጭነት ጊዜም አለ። ኤሌክትሪክ በደንብ የማያስተላልፉ የተጣሩ ምርቶች በቧንቧ ሲሮጡ ቻርጅ ያጠራቅማሉ። ስለዚህ ኢነርት ወዳልሆነ ታንክ ሲጫኑ የታንኩ መግቢያ እስኪሸፈን ድረስ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1 ሜትር አይበልጥም። ውስጣዊ ዲያሜትሩ 25 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቧንቧ ይህ በሰዓት ወደ 177 ሜትር ኩብ ነው፤ ተረኛው መኮንን ለተርሚናሉ የሚናገረው ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ስለሆነ ስሌቱን ራሱ መሥራት መቻል አለበት። ኢነርት ባልሆነ ታንክ ውስጥ ጭነት ካበቃ በኋላ የብረት መለኪያ ከማውረድ በፊት 30 ደቂቃ መጠበቅም ቻርጁ እንዲረጋ ነው።

ኬሚካልና ፈሳሽ ጋዝ

በኬሚካል ታንከር የሚመጣው ተጨማሪ ጥያቄ የጭነቶች እርስ በርስ አለመስማማት ነው። ስታይሪንን የመሰሉ ጭነቶች በራሳቸው ተያይዘው እንዳይሞቁ ማገጃ ኬሚካል ይጨመርባቸዋል፤ የተለመደው ማገጃ ለመሥራት ኦክስጅን ስለሚፈልግ እዚህ ላይ ኢነርት ጋዝ ራሱ ጎጂ ይሆናል። በ2019 በደቡብ ኮሪያ ኡልሳን ስቶልት ግሮንላንድ የፈነዳችው ስታይሪን ከአጎራባች ሙቅ ጭነት ሙቀት በመቀበሉ ነው። በጋዝ ታንከር ደግሞ የተፈጥሮ ጋዝ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚጓዝ ተራ የመርከብ ብረት ቢነካ ይሰነጠቃል።

ምዘናው

ኤስቲሲደብሊው እያንዳንዱን ብቃት በአራት ዓምድ ሰንጠረዥ ያስቀምጣል፤ ብቃቱ፣ የሚፈለገው ዕውቀት፣ የማሳያ ዘዴውና የመመዘኛ መስፈርቱ። የማሳያ ዘዴዎቹ የተፈቀደ የሥራ ልምድ፣ የሥልጠና መርከብ፣ ሲሙሌተር (ሥራውን አስመስሎ የሚያሠራ መሣሪያ) እና የጸደቀ ሥልጠና ናቸው። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ለኮርሶቹ ያዘጋጃቸው ሞዴሎች ከ1.01 እስከ 1.05 ቁጥር አላቸው።

በየኩባንያው ከመቀጠር በፊት በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ ፈተና በሰፊው ይሠራበታል። ብዙ ሰው በአጭር ጊዜ ለመለየት ጥሩ ነው። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው ስለሚዘዋወሩ ግን ፊደሉን የሸመደደውን ከገባው ሰው አይለዩም፤ ብቻቸውን ሊታመኑ አይገባም።

የጭነት ሲሙሌተር ይህን ክፍተት ይሸፍናል። ተፈታኙ በማራገፍ ላይ ሳለ መዛኙ የኢነርት ጋዙን ማራገቢያ ያጠፋል። ፓምፑ ነዳጁን እየሳበ ስለሆነ የታንኩ ግፊት ይወርዳል፤ ከከባቢ አየር በታች ከወረደ አየር በሴፍቲ ቫልቭ ይገባል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ማራገፉን ወዲያው ማቆም፣ የዴክ መለያ ቫልቩን መዝጋትና በእሱና በግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ መካከል ያለውን ማስተንፈሻ መክፈት ነው። ልምድ የሌለው ሰው ማራገቢያውን ለማስነሳት ሲሯሯጥ ፓምፑን ይረሳዋል፤ መዛኙ የሚመዘግበው ፓምፑ የቆመበትን ሰከንድ ነው።

የነዳጅ ኩባንያዎች መርከቡን ከመከራየታቸው በፊት ሳየር የሚባል ምርመራ ያደርጋሉ። ከ1993 ጀምሮ የቆየው ይህ ሥርዓት በሴፕቴምበር 2024 በሳየር 2.0 ተተክቶ መርማሪው ሠራተኛውን በሥራው ላይ እያየና እየጠየቀ ብቃቱንም እንዲመዝን አድርጓል። ይህ መርከበኛውን ያስጨንቃል የሚሉ አሉ። ሥራውን የሚያውቅ ሠራተኛ በራሱ ቫልቭ አጠገብ ቆሞ ሲጠየቅ ከወረቀት ፈተና በተሻለ እንደሚመልስ ግን መካድ አይቻልም።

ማረጋገጫው የዕድሜ ልክ አይደለም። በካፒቴንነትና በመኮንንነት የሚሠራ ሰው በየአምስት ዓመቱ ብቃቱ መቀጠሉን ማሳየት አለበት፤ ለዚህም ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ በታንከር ላይ በጠቅላላው ቢያንስ ሦስት ወር ማገልገል ይበቃል። ይህን ያላሟላ ሰው የጸደቀ ኮርስ እንደገና ይወስዳል።