«ቤቴ ይታይሃል?» ከተማን በሳተላይት ስለሚያጠና ሰው የሚባለውና እውነታው

ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ የሰፈራችን ሰው ናቸው። «አንተ ግን ሥራህ ምንድን ነው?» አሉኝ። የጂኦግራፊ ባለሙያ መሆኔን፣ ከተሞች እንዴት እንደሚሰፉ በሳተላይት ምስል እንደማጠና ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ግራ ቀኝ አዩና ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ታዲያ ቤቴ ይታይሃል?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ታክሲ ውስጥም፣ ሠርግ ላይም፣ መስክ ላይም ተጠይቄዋለሁ። ከጥያቄው ጀርባ ስለ ሥራው የተሳሳተ ብዙ ነገር አለ። ደጋግሞ የሚገጥመኝን ልንገራችሁ። የጋሼን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

«ሳተላይት ሁሉን ነገር በቀጥታ ያያል»

ጥፋቱ የፊልም ነው። ፊልም ላይ አንዱ ቁልፍ ይጫናል፣ ሰውየው ሲሮጥ ከላይ በቪዲዮ ይታያል። እኔ ጋ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም።

አብዛኛው ሥራዬ በላንድሳት እና በሴንቲኔል-2 ምስል ነው። የመጀመሪያው የአሜሪካ፣ ሁለተኛው የአውሮፓ ነው። ላንድሳት 705 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ምድርን ይዞራል። አንዱ ሳተላይት አዲስ አበባ ላይ ካለፈ ተመልሶ የሚመጣው በ16 ቀኑ ነው። ላንድሳት 8 እና 9 ስለሚፈራረቁ በየ8 ቀኑ አንድ ምስል ይደርሰናል። የሴንቲኔል ጥንዶች በየ5 ቀኑ ይመጣሉ። የሚያልፉት ጠዋት በ4 እና በ5 ሰዓት መካከል ነው። ፎቷቸውን አንስተው ይሄዳሉ። በዚያች ደቂቃ ደመና ካለ አለቀ፣ ቀጣዩን መጠበቅ ነው። የሐምሌና የነሐሴን ምስል ስከፍት የማየው የተባዘተ ጥጥ ነው።

«ግን ያጎላል አይደል?» ይሉኛል። ማጉላት ይቻላል፣ የሚጎላው ግን ነጥቡ ነው። የላንድሳት አንድ ነጥብ፣ እኛ ፒክስል የምንለው፣ መሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው። 900 ካሬ ማለት ነው። የጎረቤቴ 90 ካሬ ቦታ አሥር ጊዜ ይገባበታል። የአሥር ግቢ ቆርቆሮ፣ የዘይቱኑ ዛፍ፣ ኮብልስቶኑና የታጠበው አንሶላ ተቀላቅለው አንድ ቀለም ይሆናሉ። ሴንቲኔል-2 ይሻላል፣ የእሱ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። «ጨረቃ ቤት» በሌሊት ተሠርቶ ጠዋት ቢያልፍበት እንኳ አንዲት ክፍል ቤት ነጥቡን አትሞላም። በሽያጭ ከሚገኙት ምስሎች ምርጥ የሚባሉት ነጥባቸው 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። መኪናው መኪና መሆኑ ይለያል፣ ታርጋው አይነበብም። ሰው ቆሞ ቢያንጋጥጥ ፊቱ አይታይም፣ ቢበዛ ጠቆር ያለች ነጥብ ነው።

ስልካችሁ ካርታ ላይ የምታዩት ጥርት ያለው ምስልም የዛሬ አይደለም። የተለያየ ቀን የተነሱ ምስሎች ተሰፍተው የተሠራ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ከተሞች ደግሞ ያ ጥራት የሚገኘው ከሳተላይት ሳይሆን ከአውሮፕላን ነው።

«ፎቶ አይዋሽም»

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ላውራ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአዲስ አበባን የምሥራቅ ዳርቻ ካርታ ሠራሁ። ምስሉ የየካቲት ነበር፣ ደመና የሌለበት፣ ጥርት ያለ። ኮምፒውተሩ የተገነባውን ቦታ በቀይ ቀባልኝ። ከተማዋ ከጠበቅኩት በላይ ሰፍታ ሜዳውን ሞልታዋለች። ደስ አለኝ፣ «ግኝት» መሰለኝ። ካርታውን ይዤ ሄድኩ። ቀይ የተቀባው ቦታ ላይ ቆምኩ። ቤት የለም። ጤፍ የታጨደበት ማሳ፣ አንድ የጭድ ክምር፣ ሁለት አህያ።

ምን ሆኖ ነው? ሳተላይት የሚለካው ከመሬት የሚንጸባረቅ ብርሃን ነው፣ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ጨምሮ። ተክል በአንደኛው የኢንፍራሬድ ዓይነት በጣም ያበራል፣ ራቁት ደረቅ አፈርና ኮንክሪት ደግሞ በሌላኛው። እኛ ሁለቱን አነጻጽረን «ይህ የተገነባ ነው» እንላለን። በየካቲት የታጨደ ማሳ ላይ አረንጓዴ ነገር የለም። ደረቅ አፈርና ግንብ ለማሽኑ ወንድማማች ናቸው። ዝገት የበላው ቆርቆሮና ቀይ አፈርም እንደዚያው።

መፍትሔው ቀላል ነበር፣ ግን ኮምፒውተር ውስጥ አልነበረም። ያንኑ ቦታ የመስከረም መጨረሻ ላይ የተነሳ ሌላ ምስል ፈልጎ ማስተያየት ነው። ማሳው ያኔ አረንጓዴ ነው። ቤት ግን ክረምት ስለመጣ አይበቅልም፣ በሁለቱም ወቅት ያው ቤት ነው። ይህን ከፕሮግራም መማሪያ መጽሐፍ አላገኘሁትም። ጤፍ መቼ እንደሚዘራና መቼ እንደሚታጨድ የሚያውቅ ማንኛውም የገጠር ልጅ በነገረኝ ነበር።

ሙቀት ላይም ይኸው ነው። «ሳተላይት የከተማው ሙቀት 40 ዲግሪ መሆኑን አሳየ» የሚል ነገር ካነበባችሁ ረጋ በሉ። የሚለካው የጣሪያውና የአስፋልቱ ገጽ ሙቀት እንጂ የምንተነፍሰው አየር አይደለም። አዲስ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ደግሞ ለማሽኑ ከእውነተኛው ሙቀቱ ቀዝቅዞ ይታየዋል፣ ምክንያቱም ብረት ሙቀቱን በጨረር መልክ የሚያወጣው በስስት ነው። እጃችሁን ብታሳርፉበት ግን ይልጣችኋል።

«ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሥራ ነው»

ቁጭ ማለቱ እውነት ነው፣ ወገቤ ይመስክር። ግን ካርታው ትክክል መሆኑን የምናውቀው በእግር ነው። ከምስሉ ላይ ነጥቦች በዕጣ እንመርጣለን፣ ጂፒኤስ ይዘን እያንዳንዱ ነጥብ ላይ እንቆማለን፣ ያየነውን እንጽፋለን።

ችግሩ በከተማ ዳር ሰፈር ጂፒኤስና ወረቀት ይዞ የሚዞር ሰው ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። አንድ ቀን የጭቃ ቤት ፊት ቆሜ ስጽፍ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ።

«ልጄ፣ ልታፈርሱት ነው?»

«አይ እማማ፣ እኛ አናፈርስም። ጥናት ነው።»

«የምን ጥናት?»

ታብሌቱን አወጣሁና ምስሉን አሳየኋቸው። ይህቺ ነጥብ ቤት ትሁን እርሻ ለማረጋገጥ እንደመጣሁ አስረዳኋቸው። ምስሉን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ የጭቃ ጫማዬን አዩት።

«ይህን ሁሉ መንገድ የመጣኸው ቤት መሆኑን ለማየት ነው?»

«አዎ እማማ።»

«ቤት ነው። ጻፍ።»

ጻፍኩ። ከዚያ ቡና ጠጥተህ ካልሄድክ አሉ። ጓሮውን ያየሁት ያኔ ነው። በዚያ አንድ ጣሪያ ሥር እሳቸውን ጨምሮ አራት አባወራ ይኖራል፣ ሦስቱ ተከራይ። ምስሌ ላይ ያለው አንድ ነጥብ ነው።

ፍርሃታቸው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ካርታ የሚሠራ ሰው ካርታው ማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚያርፍ ማሰብ አለበት። እኔ አንዳንድ ውጤት ቤት በቤት ሳይሆን በቀበሌ ደረጃ ደምሬ የማወጣው ለዚህ ነው። ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም፣ ዝርዝሩ ይውጣ የሚሉ አሉ።

«ሳተላይት ሕዝብ ይቆጥራል»

ከላይ ያለው ታሪክ መልሱን ሰጥቷል። ሳተላይት ጣሪያ እንጂ ሰው አይቆጥርም። የጂ ፕላስ ፎር ኮንዶሚኒየም ጣሪያና የመጋዘን ጣሪያ ከላይ ሲታዩ ብዙም አይለያዩም። አንዱ ሥር አምስት ፎቅ ሙሉ ቤተሰብ አለ፣ ሌላው ሥር ሲሚንቶ። ከፍታውን ከጥላው ርዝመት ወይም ከራዳር ምስል መገመት ይቻላል፣ ግን ግምት ነው።

የሕዝብ ብዛት ካርታ የሚሠሩ ተቋማት፣ ለምሳሌ እንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ያለው ወርልድፖፕ፣ የቆጠራ ውጤትን ወስደው በሳተላይት ምስል እየተመሩ መሬቱ ላይ ያከፋፍሉታል። መነሻው ቆጠራ ነው። የኛ የመጨረሻው ቆጠራ ደግሞ የ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ አዲስ አበባ 2,739,551 ሰው ተቆጠረባት። ከዚያ ወዲህ ኮዬ ፈጬ የሚያህል ሰፈር ተሠርቷል።

የሌሊት መብራት ምስልም አለ፣ ያምራል፣ ለፖስተር ይሆናል። ግን ሳተላይቱ የሚያልፈው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። መብራት የጠፋበት ሰፈር ሰው የለበትም ማለት ይሆን?

«95 ከመቶ ትክክል ከሆነ ምን ቀረ?»

ሪፖርት ላይ ይህ ቁጥር ሲታይ ሁሉም ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ምስሌ ላይ ከተማ የያዘው ቦታ 5 ከመቶ ብቻ ነው እንበል፣ ሌላው እርሻ። እኔ ሰነፍ ሆኜ ሙሉውን ካርታ «እርሻ» ብዬ ብቀባው 95 ከመቶ ትክክል ነኝ። አንድም ቤት ሳላገኝ! ስለዚህ ጥያቄው «ከቤቶቹ ስንቱን አገኘህ? ቤት ካልከውስ ስንቱ ቤት ነው?» መሆን አለበት። ይህን ሁለት ቁጥር ለይቶ የማይነግራችሁን ካርታ አትመኑት።

«የሀብታም አገር ሥራ ነው»

ድሮ ነበር። የመጀመሪያው ላንድሳት እ.ኤ.አ. በ1972 ተተኮሰ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ምስሉ ለግል ኩባንያ ተሰጥቶ የአንዱ ዋጋ ከ4,000 ዶላር ያለፈበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካኖቹ ሙሉ መዝገቡን በነጻ ከፈቱት። የሴንቲኔልም ነጻ ነው። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ፕሮግራም ነጻ ነው። ጎግል ኧርዝ ኢንጅን ለምርምርና ለትምህርት ያለ ክፍያ ይሠራል፣ ምስሉን ማውረድ ሳያስፈልግ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ያሰላላችኋል። ላፕቶፕ ያለው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እኔ የማየውን ምስል ያያል። ውድ የሆነው መስክ መውጫ መኪናው ነው፣ ከዚያ ኢንተርኔቱ።

የራሳችን ሳተላይትም ነበረችን። ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና የተተኮሰችው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። እንጦጦ ላይ በሌሊት ተሰብስቦ ያየ ሰው አይረሳውም። ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ፣ አንድ ጠና ያለ ሰው እንደማለት።

«ጂኦግራፊ? የአገር ዋና ከተማ መሸምደድ አይደል?»

ኡጋንዳ፣ ካምፓላ። ይኸው ሸመደድኩ።

ከምር ከሆነ፣ ለዚህ ሥራ ስታቲስቲክስ ያስፈልጋል፣ ትንሽ ፊዚክስ፣ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍ። ግን ኢንጂነሩም ይህን ሁሉ ይችላል። የጂኦግራፊው ድርሻ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ምስሉ ላይ መሀል ከተማ አንድ ሰፈር ይጠፋል፣ ቦታው ባዶ አፈር ይሆናል። በዚያው ዓመት ከተማው ዳር አዲስ ቆርቆሮ ያበራል። ሁለቱን ነጥብ የሚያገናኘው የልማት ተነሺ፣ የሊዝ ዋጋ፣ የኪራይ መናር፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው። ከነዚህ አንዱም በኢንፍራሬድ አይታይም። ሥራ የለውም የሚሉትም ተሳስተዋል። ተማሪዎቻችን ፕላን ቢሮዎች፣ ስታቲስቲክስ፣ አማካሪ ድርጅቶችና የእርዳታ ተቋማት ውስጥ አሉ። ደመወዙን ግን አልከራከርም።

«አሁንማ ኤአይ ይሠራዋል»

ግማሹን እየሠራው ነው፣ ደስም ብሎኛል። ጎግል አክራ ባለው ቢሮው እ.ኤ.አ. በ2021 በአፍሪካ ከ500 ሚሊዮን በላይ ሕንፃዎችን ከምስል ላይ አውጥቶ በነጻ ለቀቀ። እኔ ዕድሜ ልኬን በእጄ ብስል አልጨርሰውም። ነገር ግን ግድግዳ ተጋርተው፣ ጣሪያ ለጣሪያ ተያይዘው የተሠሩ የቆዩ ሰፈሮች ላይ እንዲህ ያለ ሞዴል ይቸገራል። አሥር ቤት አንድ ይሆንበታል፣ ወይ አንዱን አሥር ያደርገዋል። ደግሞስ የትኛው ቤት የይዞታ ካርታ አለው፣ የትኛው የለውም? እሱ ጣሪያው ላይ አልተጻፈም።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ስልኬን አወጣሁና ሰፈራችንን ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። በጣታቸው መንገዱን ተከትለው የራሳቸው ግቢ ላይ ደረሱ። ዋናው ቤት አለ። ዛፉ አለ። ከጓሮ በኩል ዓምና ፕላን ሳያስፀድቁ የሠሯት ሰርቪስ የለችም፣ ምስሉ የቆየ ነው። ደጋግመው አዩት።

«ሰርቪሷ የለችም» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ምስሉ ከዚያ በፊት የተነሳ ነው።»

«ተመስገን» አሉና ስልኬን መለሱልኝ።