በዲሲ ማሪዋና መያዝ ተፈቅዷል፤ ግን የትኛው መሬት ላይ?

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ክትፎውን በልቶ የወጣ ሰው ኪሱ ውስጥ ሃምሳ ግራም ማሪዋና ቢገኝ የከተማው ፖሊስ አያስረውም። ዕድሜው 21 ከሞላ መብቱ ነው። ይኸው ሰው ወደ ምዕራብ ትንሽ ተራምዶ ሜሪዲያን ሂል ፓርክ ቢገባ ግን ያው ሃምሳ ግራም ወንጀል ይሆናል። ፓርኩ የፌደራል መንግሥት ነው። ጠባቂውም የከተማው ፖሊስ ሳይሆን የፓርክ ፖሊስ ነው። በፌደራል ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራትና ቢያንስ 1,000 ዶላር ቅጣት ሊፈረድበት ይችላል።

ከዲሲ መሬት ከአምስት አንድ እጁ በላይ የፌደራል ነው። ናሽናል ሞል፣ ሮክ ክሪክ፣ ዱፖንት ሰርክል፣ ሌላው ቀርቶ ብዙዎቹ ትንንሽ የሣር አደባባዮች። ድንበሩ ላይ የተሰመረ መስመር የለም። እግርህ ሣሩን ሲረግጥ ሕጉ ተለውጧል ማለት ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በ2013 የሲቪል መብት ተሟጋቹ ኤሲኤልዩ አንድ ጥናት አወጣ። ጥቁርና ነጭ አሜሪካውያን ማሪዋና የሚጠቀሙት በተቀራራቢ መጠን ነው። በዲሲ ግን ጥቁሮች በመያዝ ወንጀል የሚታሰሩት ከነጮች ስምንት እጥፍ ነበር። ያን ጊዜ ጥቂት ይዞ መገኘት እስከ ስድስት ወር ያሳስር ነበር። በጁላይ 2014 የከተማው ምክር ቤት ቅጣቱን ወደ 25 ዶላር ትኬት አወረደው። እንደ መኪና ማቆሚያ ትኬት ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ደግሞ ሕዝቡ መያዝን በሚፈቅደው «ኢኒሺዬቲቭ 71» በተባለ ሐሳብ ላይ ድምፅ ሰጠ፤ ከመቶ 65 ያህሉ ይፈቀድ አለ። ሕጉ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2015 ሥራ ላይ ዋለ።

የተፈቀደው ይሄ ነው፦ እስከ ሁለት አውንስ፣ ማለትም 56 ግራም ገደማ መያዝ። ቤት ውስጥ እስከ ስድስት ተክል ማብቀል፣ ከነዚያም የደረሱት ከሦስት ሳይበልጡ። ለሌላ አዋቂ እስከ አንድ አውንስ በነጻ መስጠት። ማጨስ የሚቻለው በግል ይዞታ ውስጥ ብቻ ነው። መንገድ ላይ፣ ፓርክ ውስጥ ወይም መንገድ ዳር በቆመ መኪና ውስጥ የሚያጨስ ሰው እስከ 60 ቀን እስራትና 500 ዶላር ቅጣት ሊደርስበት ይችላል። አከራይ ደግሞ በኪራይ ውሉ ላይ ማጨስን መከልከል ይችላል። ቤቱ የመንግሥት ድጎማ ያለበት ከሆነ የፌደራል ደንቡም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ቤት የሌለው ሰው የመያዝ መብት አለው፣ የሚያጨስበት ቦታ ግን የለውም።

መሸጥስ? ክልክል ነው። የከተማዋን በጀት የመጨረሻ ቃል የሚሰጥበት ኮንግረስ ነው። ከሜሪላንድ የተመረጡት አንዲ ሃሪስ በ2014 መጨረሻ የበጀት ሕጉ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገቡ፤ ዲሲ የንግድ ሥርዓት ለመዘርጋት አንድ ሳንቲም እንዳታወጣ። መያዙ ጸደቀ፣ ገበያው ታገደ። የሰው ብልሃት ግን መች ይጠፋል። «ስጦታ» የሚባል ንግድ ተፈጠረ። ደንበኛው በስልሳ ዶላር ተለጣፊ ወይም ቲሸርት ይገዛል፤ ሻጩ ማሪዋናውን «ይመረቅልህ» ብሎ ይሰጠዋል። ሁሉም ያውቃል። ፖሊስም ያውቃል። ለዓመታት አንዳንዱ ሱቅ ሲፈተሽ ጎረቤቱ በሰላም ይነግድ ነበር። ኋላ ላይ ከተማዋ በሕክምና ማሪዋና ፈቃድ በኩል መንገድ ከፈተችላቸው፤ ወደ ፈቃዱ ያልገቡትን ከ2024 ጀምሮ ማሸግ ጀመረች።

ፖሊሱ መንገድ ላይ ምን ያደርጋል የሚለው ላይ ትልቁ ለውጥ የሽታ ጉዳይ ነው። ድሮ «ሸተተኝ» የሚለው ቃል መኪና ለማስፈተሽ በቂ ነበር። ዛሬ በዲሲ ሽታ ብቻውን የመጠርጠሪያ ምክንያት አይሆንም። ጎረቤቶቿ ቨርጂኒያ ከ2021፣ ሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ ይህንኑ ሥራ ላይ አውለዋል። አሽከርካሪው ሰክሮ ወይም ደንዝዞ እየነዳ ነው ብሎ የሚመረምር ፖሊስ ግን ሽታውን ከሌላው ምልክት ጋር ሊቆጥረው ይችላል። መጠኑም ድልድይ ሲሻገሩ ይለያያል። ቨርጂኒያ በአደባባይ አንድ አውንስ፣ ሜሪላንድ አንድ ተኩል አውንስ ትፈቅዳለች። ሦስቱም ዘንድ ሕጋዊ የሆነውን ይዞ ድንበሩን መሻገር ራሱ በፌደራል ሕግ ክልክል ነው።

ለእኛ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ግን ፖሊሱ አይደለም፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ነው። ኢሚግሬሽን የሚያየው የፌደራሉን ሕግ ብቻ ነው። በዚያ ሕግ ዜጋ ያልሆነ ሰው በዕፅ ጉዳይ ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። የሚተርፈው ለራሱ መጠቀሚያ 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች ይዞ፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ የተገኘ ነው። ዲሲ የምትፈቅደው 56 ግራም ነው። ልዩነቱን ልብ በሉት። ደግሞ ፍርድ ቤት መቅረብም ላያስፈልግ ይችላል። በ2019 የወጣው የኢሚግሬሽን መመሪያ እንደሚለው፣ ማሪዋና የተጠቀመ ወይም ማሪዋና ሱቅ የሠራ ሰው ክልሉ ቢፈቅድለት እንኳ ለዜግነት የሚጠየቀውን «መልካም ጠባይ» ላያሟላ ይችላል። ቃለ መጠይቅ ላይ «እዚህ ሕጋዊ ነው ብዬ አጭሻለሁ» የሚል ቅን መልስ ወረቀት ሊያስከለክል ይችላል ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ባይደን በኦክቶበር 2022 የፌደራልና የዲሲ የመያዝ ጥፋቶችን በይቅርታ ሲሽሩ የተጠቀሱት ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው ነበሩ።

የጭነት መኪና ነጂዎችም ጉዳይ አለ፤ ወገኖቻችን በብዛት ያሉበት ሥራ ስለሆነ። የንግድ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በፌደራል ትራንስፖርት ደንብ ሽንቱ ይመረመራል። ቅዳሜ ማታ ቤቱ ያጨሰው ከቀናት በኋላም ይታያል። «ክልሌ ፈቅዷል» ማለት እዚያ አይሠራም። ውጤቱ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ በአገር አቀፍ መዝገብ ስለሚገባ ኩባንያ መቀየርም አያድንም።

በዚህ ላይ የጫት ነገር አለ። አዲስ አበባ በጠራራ ፀሐይ የሚሸጠው ጫት አሜሪካ ውስጥ ዕፅ ነው። በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌደራል ዝርዝር ከሄሮይን እኩል አንደኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። እናም ዲሲ ውስጥ ሁለት አውንስ ማሪዋና የያዘው ልጅ ፖሊሱን ሰላም ብሎ ያልፋል፤ አንድ እስር ጫት የያዘው አጎቱ ግን ሊታሰር ይችላል። ይህን ለአዲስ መጤ ማስረዳት እንዴት ከባድ እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል።

ወደ አገር ቤት የሚበር ሰው ደግሞ ከመነሳቱ በፊት ሻንጣውን ይፈትሽ። ዳለስ ኤርፖርት ያለው ቨርጂኒያ ነው። ፈታሾቹ የሚፈልጉት ፈንጂና መሣሪያ ቢሆንም፣ ማሪዋና ካገኙ ፖሊስ ይጠራሉ። እነሱ ያላዩት ደግሞ ቦሌ ላይ ሊገኝ ይችላል። እዚያ የሚጠብቀው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ነው፤ ዕፅ ወደ አገር ያስገባን ሰው በጽኑ እስራት ይቀጣል፣ ዲሲ የሰጠችውን ሁለት አውንስም አያውቅም።